ከሳህኑ ወደ መደቡ፦ በሰሜን ሸዋ የትምህርት ቤት አትክልት ቦታ አሠራር

የትምህርት ቤት አትክልት ቦታ ሲታሰብ ቀድሞ የሚነሣው የዶማና የአጥር ነገር ነው። ከዚያ በፊት ግን መቆረጥ ያለበት አንድ ቀን አለ፤ ልጆቹ ያመረቱትን አብስለው የሚበሉበት ቀን። ጎመኑ ተሸጦ ገንዘቡ ለጠመኔ ከዋለ ልጆቹ የተማሩት ንግድ ነው። ንግድም አይናቅም፤ ነገር ግን ቆስጣ በልቶ የማያውቅ ልጅ ቆስጣ እያጠጣ ዓመቱን ጨርሶ ሳይቀምሰው ይወጣል። ስለዚህ የምሳውን ቀን ወስኑ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ።

በደብረ ብርሃን አካባቢ ያለ ትምህርት ቤት ኅዳር 20 ቀን 40 ልጆችን ቆስጣ ሊያበላ አስቧል እንበል። ለአንድ ልጅ 100 ግራም ጥሬ ቅጠል ቢያዝ 4 ኪሎ ያስፈልጋል። 80 እግር ቆስጣ፣ ከእያንዳንዱ ሦስት ሦስት ቅጠል ቢለቀም ይህን ይሸፍናል። በደጋው ብርድ ቆስጣ መደብ ላይ ከተተከለ በኋላ የመጀመሪያ ቅጠሉን ለመስጠት ከ60 እስከ 70 ቀን ይፈጅበታል፤ ስለዚህ ችግኙ መስከረም 15 ገደማ መተከል አለበት። ችግኙ ለተከላ እስኪደርስ ደግሞ 35 ቀን ይፈልጋል። ጳጉሜን ቆጥሮ ሲሰላ ዘሩ የሚዘራው ነሐሴ 15፣ በፍልሰታ ፍቺ ዋዜማ ነው። ብዙው ትምህርት ቤት የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ በነሐሴ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ የተዘራ ቆስጣ ገና በለጋነቱ ውርጭ ያገኘዋል፣ ታኅሣሥን ሙሉ ቆዝሞ ይከርማል። ችግኙን በነሐሴ የሚያፈላ አንድ መምህር ወይም ዘበኛ ከሰኔ ጀምሮ በስም ካልተመደበ የዓመቱ የመጀመሪያ ምርት እንደሌለ ቁጠሩት።

ለ80 እግር አንድ ካሬ ሜትር የችግኝ መደብ ይበቃል። የቆስጣን ዘር አንድ ሌሊት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉ፤ በ15 ሳንቲ ሜትር ልዩነት መስመር አውጥታችሁ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት ዝሩት። አንዷ የቆስጣ ፍሬ በውስጧ ሁለትና ሦስት ዘር ስለምትይዝ ከአንድ ቦታ ተጣብቀው ሲበቅሉ አትደነቁ። ጠንካራውን ትታችሁ ሌላውን በመቀስ ቁረጡት። ብትነቅሉት የጎረቤቱን ሥር ይዞ ይወጣል። ከተከላው በፊት ባለው ሳምንት ውሃውን ቀንሱ፣ ችግኙን ያጠለለውን ዳስም አንሡለት፤ ፀሐይና ብርድ ካልለመደ ችግኝ በሁለተኛው ቀን ይጠወልጋል።

ቦታው

ለመጀመሪያ ዓመት ስድስት መደብ ይበቃል። እያንዳንዱ 1 ሜትር ከ20 ስፋትና 5 ሜትር ርዝመት ይኑረው፤ በመደቦቹ መካከል ግማሽ ሜትር መሄጃ ይተው። ስፋቱ እንዲሁ የተመረጠ አይደለም፤ የአምስተኛ ክፍል ልጅ ከሁለቱም ወገን እጁን ሲዘረጋ መሐሉን ይደርስበታል፣ መደቡን ረግጦ አፈሩን አያጠብቅም። ለአንድ መደብ ስድስት ወይም ሰባት ልጅ ይመደባል። ሩብ ሄክታር አጥሮ የጀመረ ትምህርት ቤት አብዛኛውን ጊዜ ጥር ላይ አረም ነው የሚያጭደው።

በአካባቢያችን የአትክልት ቦታ ትልቁ ጠላት በግቢው ዳር የቆመው ባሕር ዛፍ ነው። ሥሩ በመሬት ውስጥ ብዙ ሜትር ሄዶ ያጠጣችሁትን ውሃ ይጠጣል፤ በስሩ ያለው መደብ ምንም ፍግ ቢለብስ ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ቢያንስ 20 ሜትር ራቁ። ቦታ ከጠበበ በዛፉና በመደቡ መካከል ከ60 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር የሚጠልቅ ቦይ ቆፍሩና በየዓመቱ የገባውን ሥር ቁረጡ። ከመጸዳጃ ቤት 30 ሜትር ይራቅ፣ ከበታቹም አይሁን።

በደጋው ሌላው የሚታየው ብርድ የሚተኛበት ቦታ ነው። ብርድ አየር እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ ሌሊቱን ጎድጓዳና ሜዳ ላይ ይከማቻል። በአንድ ግቢ ውስጥ የታችኛው ጥግ ድንች ጠቁሮ ሲያድር ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ ያለው ደህና ሊሆን ይችላል። ቦታውን ከመምረጣችሁ በፊት በኅዳር ማለዳ ግቢውን ዙሩ፤ ነጭ ሆኖ ያደረውን ሣር ልጆቹ በችካል ምልክት ያድርጉበት። ይህ ራሱ ጥሩ የሳይንስ ትምህርት ነው፣ ወጪም የለውም።

በእነዋሪና በደነባ በኩል ያለው ጥቁር አፈር ጸባዩ ሌላ ነው። በክረምት ውሃ አቁሮ ሥር ያበሰብሳል፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። እዚያ መደቡ ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሠራ፣ መሄጃውም ውሃውን የሚያወጣ ቦይ ይሁን። ቀይና ቡናማ በሆነው ዳገታማ መሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ይበቃል፤ መደቡ ግን ዳገቱን አቋርጦ ይዘርጋ እንጂ ቁልቁል አይውረድ።

ብስባሽና ውሃ

ኩበት ለማገዶ በሚውልበት አገር ፍግ ለምኖ ማግኘት አይቀልም። ልጆቹ በሳምንት አንድ ቀን ከየቤታቸው በፌስታል አመድ፣ የጎመን ግንጣይና የድንች ልጣጭ ቢያመጡ ክምሩ በፍጥነት ይሞላል። ክምሩ በሁሉም በኩል ከአንድ ሜትር ካነሰ ሙቀት አይዝም፤ በደጋ 1 ሜትር ከግማሽ አድርጉት። ከሥሩ ጭራሮ፣ ከዚያ 20 ሳንቲ ሜትር ገለባ፣ 20 ሳንቲ ሜትር እርጥብ ቅጠል፣ 5 ሳንቲ ሜትር ፍግ፣ ስስ አፈርና አመድ፤ እያረጠባችሁ እንዲሁ ደጋግማችሁ ደርቡት። መሐሉ ላይ ረዘም ያለ እንጨት ሰክታችሁ ተዉት። በሳምንቱ እንጨቱ ተመዝዞ ሲነካ ሞቆና ረጥቦ ከወጣ ደህና ነው። ደርቆ ከወጣ ውሃ ጨምሩበት። ቀዝቅዞና ሸቶ ከወጣ ውሃ በዝቶበታልና ገልብጡት፣ ገለባ ጨምሩበት። በየወሩ ይገለበጣል፤ በብርዱ ምክንያት ለመብሰል አራት ወር ይፈጃል፣ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ግን በሁለት ወር ተኩልና በሦስት ወር ይደርሳል። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታብዙበት፤ ቶሎ አይፈርስም።

ለአንድ መደብ 20 ኪሎ ያህል የበሰለ ብስባሽ በቂ ነው። ያልበሰለ ፍግ ካሮትና ሰላጣ ወደሚበቅልበት አይግባ። ካሮቱ ሁለትና ሦስት እግር አውጥቶ ይጣመማል፤ ጥሬ የሚበላውም በሽታ ይዞ ይወጣል።

ውሃውን አስቀድማችሁ አስሉ። ዝናብ በሌለበት ጊዜ አንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ይፈልጋል፤ አንድ መደብ 25 ሊትር ወይም አንድ ትልቅ ጀሪካን፣ ስድስቱ 150 ሊትር መሆናቸው ነው። ጉዝጓዝ ከለበሰ በሁለት ቀን አንዴ ይበቃዋል። ይህን ውሃ በበጋ ከየት እንደምታመጡ ካላወቃችሁ መደቡን ወደ ሦስት አውርዱት። ሙሉ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ይመዝናል፣ ለአሥርና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ወገብ አይሆንም፤ በ5 ሊትር ዕቃ ያመላልሱ። ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደው ውሃ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው፦ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ይሆናል። 8 በ20 ሜትር የሆነ የመማሪያ ክፍል ጣሪያ በ10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1,600 ሊትር ያወርዳል፤ ሩቡ ቢባክን እንኳ ስድስት በርሜል ይሞላል። በርሜሉ ክዳን ይኑረው፤ ክፍት ከሆነ ለልጅ አደጋ፣ ለትንኝም መራቢያ ነው። የከተማ ፍሳሽ የሚቀላቀልበትን ወንዝ ውሃ ግን ጥሬ በሚበላ ነገር ላይ ፈጽሞ አታጠጡ። በሎሚና በአቼቶ ማጠብ አያድነውም።

ካሮት

ልጆች ያለ ልመና የሚበሉት የመጀመሪያው አትክልት ካሮት ስለሆነ ሰፋ አድርገን እናንሣው። ችግኝ ተደርጎ አይዛወርም፣ ቦታው ላይ ይዘራል። አፈሩ 25 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቆፈር፣ ድንጋዩ አንድ በአንድ ይለቀም። በመደቡ ርዝመት በ20 ሳንቲ ሜትር ልዩነት አምስት መስመር አውጡ፤ ጥልቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ። ለመደቡ 3 ግራም ዘር ይበቃል። ይህችን ቅንጣት በሦስት እጥፍ ደረቅ አሸዋ ለውሱ፤ ያለዚያ የመጀመሪያው ልጅ ግማሹን ዘር በግማሽ ሜትር ላይ ያፈስሰዋል። ዘሩን በስሱ አልብሱና እርጥብ ጆንያ ጣል አድርጉበት።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። በደጋ ካሮት ለመብቀል ከ12 እስከ 20 ቀን ይወስዳል። በሰባተኛው ቀን ልጆቹ «ሞቷል» ይላሉ፤ አንዳንዱም ጣቱን ሰዶ ይፈልገዋል። አንድ ቀን እንኳ አፈሩ ከደረቀና ከጠነከረ ግን የበቀለውም ሳይወጣ ይቀራል። ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ማለዳ ማለዳ ጆንያውን ገልጣችሁ እዩ። እንደ ክር የቀጠኑ አረንጓዴ ነገሮች ጎንበስ ብለው ሲታዩ በዚያው ዕለት ጆንያውን አንሡ። ሦስት ቀን ከቆየበት ነጥቶና ተጣሞ ይወድቃል።

ከዚያ የሚያመው ሥራ ይመጣል፣ ማሳሳት። አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ሲያድግ በ2 ሳንቲ ሜትር፣ ከወር በኋላ በ5 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይሳሳል። ልጆች የበቀለ ነገር መንቀል አይወዱም፣ አንጀታቸው አይችልም፤ በዚህ ምክንያት የብዙ ትምህርት ቤት ካሮት እንደ እርሳስ ቀጥኖ ይወጣል። አንዱን መስመር ሳይሳሳ ተዉላቸው። በመጨረሻው ቀን ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ነቅለው ይመዝኑ። በሁለተኛው ዙር የተነቀለውን የጣት ያህል ካሮት አጥበው ይብሉት። አምስት መስመር በ5 ሳንቲ ሜትር 500 ካሮት ይሆናል፤ ግማሹ ቢቀር እንኳ ለ40 ልጅ ስድስት ስድስት ይደርሳል። መስከረም 10 የተዘራ ጥር 10 ገደማ ይነቀላል። አናቱ ከአፈር ወጥቶ አረንጓዴ ከሆነ ይመርራልና አፈር አስታቅፉት።

ሌሎቹን በአጭሩ፦ የአበሻ ጎመን በ50 በ30 ሳንቲ ሜትር፣ ጥቅል ጎመን በ40 በ45፣ ቀይ ሥር በ25 በ10፣ ሰላጣ በ30 በ25፣ ነጭ ሽንኩርት በ20 በ10። ቆስጣና ጎመን ሲለቀም ከውጭ በኩል ይለቀማል፤ መሐሉ ላይ አራትና አምስት ለጋ ቅጠል ይቅር። ከሥሩ የቆረጠ ዳግመኛ አያገኝም።

ውርጭ

በደብረ ብርሃንና በመንዝ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ይልቁንም በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሰማዩ ጠርቶ ነፋስ ያልነካው ሌሊት የውርጭ ሌሊት ነው። ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ የአበሻ ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ነጭ ሽንኩርት ቀላል ውርጭ ይችላሉ። ድንች፣ ፎሶሊያ፣ ቲማቲምና ቃሪያ አይችሉም፤ በዚህ ወቅት ለደጋ ትምህርት ቤት አትምረጧቸው። እንዲህ ያለ ሌሊት ሲጠረጠር ከሰዓት በኋላ አፈሩን አጠጡ፤ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ማምሻውን በ30 ሳንቲ ሜትር ችካል ላይ ጆንያ ወይም የተቀደደ ማዳበሪያ ዘርጉ። ቅጠሉን ከነካ የነካው ቦታ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ችካሉ ግድ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲል ይነሣ። ውርጭ የመታውን ቅጠል ወዲያው አትቁረጡ፤ የሞተው ቅጠል ለጥቂት ቀን ለውስጡ መከለያ ይሆነዋል።

ተባይ

ማለዳ ችግኙ ከአፈር ጋር ተስተካክሎ ተቆርጦ ከተገኘ ቆራጭ ትል ነው። ዙሪያውን በጣት ጫር ጫር ብታደርጉ ተጠቅልሎ ተኝቶ ይገኛል። ሲተከል የእያንዳንዱን ችግኝ አንገት በወረቀት ቀለበት መክበብ ያድናል፤ ግማሹ ከአፈር በታች ይግባ። በጎመን ቅጠል ጀርባ የሚሰፍረውን ግራጫ ክሽክሽ በጣት ማሸት፣ ሲበዛም በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጦ ማርከፍከፍ ነው፤ በማግሥቱ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ኒም በሚበቅልበት ቆላ 50 ግራም የደረቀና የተወቀጠ የኒም ፍሬ በአንድ ሊትር ውሃ አሳድሮ፣ አጥልሎ ማምሻውን መርጨት ቅጠል በሊታ ትሎችን ይቀንሳል። የኬሚካል መርጫ ግን ከትምህርት ቤት አጥር ውስጥ አይግባ። ልጆች ሥራቸውን እየሠሩ ቅጠል ወደ አፋቸው ይከትታሉ፤ ይህ አይቀርም፣ ሊቀርም አይገባም።

የምሳው ቀን

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ስለሚገባ ኅዳር 20 የሚሠራው ምሳ የጾም ይሆናል። በማንኛውም ጊዜም ቢሆን የጾም ምግብ መሥራት ይሻላል፤ የሚጾመውም የማይጾመውም ልጅ አብሮ ይበላል። በኤፍራታና ግድም፣ በቀወት፣ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች አብረው በሚማሩበት፣ ቀኑ ረመዳን ላይ እንዳይውል አስቀድማችሁ እዩ።

ለ40 ልጅ የታሰበው 4 ኪሎ ቅጠል ቆስጣ ብቻ ከሚሆን፣ ግማሹ ቆስጣ ግማሹ የአበሻ ጎመን ቢሆን ይሻላል። ምክንያቱን ለልጆቹ ንገሯቸው፦ ቆስጣ ውስጥ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ነገር ካልሲየሙን አሥሮ ይይዛል፤ ጎመን ይህ የለበትም ለማለት ይቻላል። ቅጠሉ ሳይከተፍ ይታጠብ፣ ከዚያ ይከተፍ። ከተከተፈ በኋላ ማጠብ ቫይታሚን ሲን ከውሃው ጋር ማፍሰስ ነው። ሽንኩርቱ በግማሽ ሊትር ዘይት ይቁላላ። ያለ ዘይት የተቀቀለ ጎመንና ካሮት ቫይታሚን ኤ የሚሆነው ነገራቸው ለሰውነት እምብዛም አይደርስም። ጎመኑ ቀድሞ ይግባና 10 ደቂቃ ይብሰል፣ ቆስጣው ኋላ ገብቶ 5 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ውሃ አይብዛበት፣ የተቀቀለበትም አይደፋ። ከእሳት ሲወርድ አዮዲን ያለው ጨው ይጨመርበት፤ ቀድሞ ከገባ አዮዲኑ በእሳቱ ይባክናል። ሲቀርብ ሎሚ ይጨመቅበት፤ የሎሚው ቫይታሚን ሲ የጎመኑን ብረት ሰውነት እንዲቀበለው ያደርጋል።

አጠገቡ ሽሮ ወይም የምስር ወጥ ይኑር፤ ሥጋ በሌለበት ቀን ሰውነት የሚገነባው ከጥራጥሬ ነው። ሻይ ከምግቡ ጋር አይቅረብ። ብረቱን ያግዳል፣ አንድ ሰዓት ይቆይ። ይህን ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ለእናቶቻቸው የሚነግሩት ነገር ነውና ሁለት ጊዜ ድገሙት።

አትክልቱን ሁሉም ልጅ በመጀመሪያው ቀን አይወደውም። አታስገድዱ፣ አታሞካሹም፤ አንድ ቁራሽ ብቻ ይቅመስ፣ በሁለት ሳምንት ደግሞ እንደገና ይቅረብለት። ስንቱ ቀመሰ፣ ስንቱ ጨረሰ፣ በየቀኑ በአንድ ደብተር ይጻፍ። የአትክልት ቦታው ምርት በኪሎ ብቻ ሲመዘገብ ይህ ይረሳል።

ቆላው

ከጣርማ በር ወርዶ ሸዋ ሮቢት፣ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። የደጋው የውርጭ ወራት ለቆላው ጥሩ የአትክልት ጊዜ ነው። ቲማቲም ጥቅምት ላይ በ100 በ30 ሳንቲ ሜትር ተተክሎ ጥር ላይ ይለቀማል፤ በእንጨት ይደገፍ፣ ውሃው ሥሩ ላይ እንጂ ቅጠሉ ላይ አይፍሰስ። አንድ ቀን ደርቆ ሌላ ቀን የጠገበ ቲማቲም ቂጡ ጠቁሮ ይበሰብሳል፣ ተባይ አይደለም። ውስጡ ብርቱካናማ የሆነውን ስኳር ድንች ካገኛችሁ ለልጆች ዓይን ከሁሉም ይበልጣል፤ 30 ሳንቲ ሜትር ሐረጉ በ60 በ30 ተተክሎ በአራትና በአምስት ወር ይደርሳል። ሦስት አራት እግር ፓፓያ በአጥሩ ዳር ይተከል፤ ከዓመት በኋላ ፍሬ ይጀምራል። ሽፈራው አንድ ሜትር ሲደርስ አናቱ ይቀንጠስ፣ ያለዚያ ቅጠሉ ከልጅ እጅ በላይ ይሄዳል።

ክረምቱ

ትምህርት ቤት ሰኔ ላይ ሲዘጋ አረሙም ከብቱም ይገባል። በደጋ ግማሹን መደብ በሰኔ አጋማሽ ባቄላ ዝሩበት፦ በ40 ሳንቲ ሜትር መስመር፣ በ10 ሳንቲ ሜትር ልዩነት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት። ሐምሌ ላይ አንድ ጊዜ ከታረመ ራሱን ችሎ ይቆያል፣ መሬቱንም ያዳብራል፤ ልጆቹ ሲመለሱ ጥቅምት ላይ እሸት ይጠብቃቸዋል። ቅጠሉ ተኮማትሮ እባጭ ካወጣ ቆርምድ የተባለው የባቄላ በሽታ ነው፤ የታመመውን ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያ መደብ ባቄላ አይዘራ።

ለቀሪው መደብ ከሰኔ 15 በፊት ስብሰባ ጥሩ። ዘበኛው፣ በአቅራቢያው ያሉ ሁለት ቤተሰቦችና የቀበሌው የግብርና ባለሙያ ይገኙ። የክረምቱ ጎመን የጠባቂዎቹ እንደሆነ፣ በምትኩ አጥሩን እንዲጠግኑና ነሐሴ 15 የቆስጣውን ዘር እንዲዘሩ በጽሑፍ ይያዝ። ዘሩም በዚያው ቀን በእጃቸው ይሰጥ፤ ነሐሴ ላይ ዝናቡ መንገድ ሲዘጋ ዘር ፍለጋ ከተማ የሚወርድ አይገኝም።